አርባ ልጆች፦ ስለ መጀመሪያው የወጣቶች ኦርኬስትራና ለእድራችን ስለሚሰጠው ትምህርት



በእድር መንደር ጥሩምባ ለምን እንደሚነፋ ሁላችንም እናውቃለን። የለፋፊው ጥሩምባ በማለዳ ሲሰማ «ዛሬ ደግሞ ማን ይሆን?» ብሎ ልቡ የማይደነግጥ የለም። ሴቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ወንዱ ጋቢውን ደርቦ ከየቤቱ ይወጣል። በዚህ ጽሑፍ የምናወሳው ግን ስለ ሌላ ዓይነት ጥሩምባ ነው። ይኸውም ከመቶ ዓመት በፊት እናትና አባታቸው የሞቱባቸው አርባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ ይዘውት ስለመጡት የሙዚቃ ጥሩምባ ነው። እነዚህ ልጆች በአገራችን ታሪክ «አርባ ልጆች» ተብለው የሚታወቁት ሲሆኑ፣ የቤተ መንግሥቱ የመጀመሪያ ኦርኬስትራ የተባለውም የእነርሱ ቡድን ነው።

አንዳንድ አባላት «የእድር መጽሔት ስለ ቀብርና ስለ መዋጮ ይጽፋል እንጂ ስለ ሙዚቃ ምን አገባው?» ይሉ ይሆናል። አገባቡን ወደ መጨረሻው እንገልጻለን። ለጊዜው ግን ይህን ብቻ እንበል፦ የአርባ ልጆች ታሪክ ከሁሉ በፊት የእጓለ ማውታ ታሪክ ነው። ወላጅ የሞተበትን ልጅ ማን ያሳድገው፣ በምንስ ያሳድገው የሚለው ጥያቄ ደግሞ በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ እየተነሣ፣ ሳይቋጭ የሚታለፍ ጉዳይ ነው።

ከእነርሱ በፊት የነበረው

አገራችን ሙዚቃን ከውጭ ተውሳ የጀመረች አይደለችም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከነምልክቱ በቤተ ክርስቲያን ሲወርድ ሲዋረድ ኖሯል። በገና፣ ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ነበሩ። መኳንንቱ ሲንቀሳቀሱ እምቢልታና መለከት ይነፋ፣ ነጋሪት ይጎሰም ነበር። አዝማሪውም ያመሰግናል፣ ይወቅሳል፣ ሰም ለበስ ነገር ይናገራል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶቻችን እስከ ዛሬ አሉ።

ያልነበረው ነገር ብዙ ሰው ልዩ ልዩ መሣሪያ ይዞ፣ እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ከወረቀት ላይ እያነበበ፣ ሁሉም ተስማምቶ አንድ ዜማ የሚያሰማበት የአውሮፓ ዓይነት ኦርኬስትራ ነው። ይህ ነገር ወደ አገራችን መግባት የጀመረው ከዓድዋ ድል በኋላ ነው። በ1888 ዓ.ም. ጣሊያን ድል ከተመታ በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ኒቆላዎስ ዳግማዊ ለአፄ ምኒልክ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎችና አስተማሪ ላኩላቸው። በዚያን ጊዜ የተቋቋመው ቡድን በአደባባይ ማርሽ ያሰማ ነበር። ስለዚህ አርባ ልጆች ሲመጡ የነሐስ ጥሩምባ ለአዲስ አበባ ሰው ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። እንግዳ የነበረው የልጆቹ አመጣጥና የሙያቸው ደረጃ ነው።

አርመኖችም ለአገራችን እንግዳ አልነበሩም። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እቴጌ እሌኒ ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ አድርገው የላኩት ማቴዎስ የተባለው ሰው አርመን ነበር። በአፄ ምኒልክም ዘመን በአዲስ አበባ ነጋዴዎች፣ ወርቅ ሠሪዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎች አርመኖች ነበሩ። የድሮ የአራዳ ሰው «የሰርኪስ ባቡር» እያለ የሚያወራለት፣ መንገድ የሚደመድመው በእንፋሎት የሚሄድ መኪና በሰርኪስ ቴርዚያን የመጣ ነው። ሰርኪስም አርመን ነው። በሃይማኖትም ቢሆን የአርመን ቤተ ክርስቲያንና የእኛ ቤተ ክርስቲያን እኅትማማቾች ናቸው። በኢየሩሳሌም የእኛ መነኮሳት በዴር ሡልጣን፣ አርመኖቹ ደግሞ በገዳማቸው ሆነው ለብዙ መቶ ዓመታት ጎረቤት ሆነው ኖረዋል።

ልጆቹ ወላጆቻቸውን እንዴት አጡ

በ1907 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1915) የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እየተካሄደ ሳለ፣ የኦቶማን ቱርክ መንግሥት በግዛቱ ውስጥ በሚኖሩት አርመኖች ላይ የእልቂት ዘመቻ ጀመረ። ወንዶቹ ተገደሉ። ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ከቤታቸው ተነቅለው በእግራቸው ወደ ሶርያ በረሃ ተነዱ። በመንገድ ላይ በረሃብ፣ በውሃ ጥም፣ በበሽታና በሰይፍ ያለቀው ሕዝብ ብዙ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ባጠቃላይ የሞተው ከአንድ ሚሊዮን የማያንስ ነው ይላሉ።

እስቲ ይህን በእድርተኛ ዓይን እንመልከተው። እኛ አንድ ሰው ሲሞትብን ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ አስከሬን ታጥቦና ተገንዞ፣ ጸሎት ተደርሶለት በወግ በማዕረግ ይቀበራል። ቀሪው ቤተሰብ ብቻውን አያድርም። እነዚያ ግን የሚቀብራቸው አጥተው በበረሃ የቀሩ ናቸው። አልቃሹም አብሮ ሞቷል። ልቅሶ ደራሽ የሚሆን ጎረቤት እንኳን አልተረፈም። የተረፉት ልጆች እናታቸው የት እንደወደቀች የማያውቁ፣ አንዳንዶቹም የአባታቸውን ስም ለመናገር እንኳ ያልደረሱ ሕፃናት ነበሩ። ሞት በዚህ ዓይነት ሲመጣ የእድርን ዋጋ ያሳያል። እድር የሌለው ሕዝብ ምን እንደሚመስል ያየንበት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከእልቂቱ የተረፉ ሕፃናት በየአገሩ በተቋቋሙ የእጓለ ማውታ ማሳደጊያዎች ተበተኑ። ከነዚህ መካከል ብዙዎቹ ወደ ኢየሩሳሌም መጥተው በአርመን ፓትርያርክ ጥበቃ ሥር በገዳሙ ውስጥ ይኖሩ ነበር። በዚያም ምግብና መኝታ ብቻ ሳይሆን ትምህርትና ሙያ ይሰጣቸው ነበር። ከሚማሩትም አንዱ የነሐስ ሙዚቃ ነው። አስተውሉልን፤ ገዳሙ ራሱ ስደተኛ የሞላበት፣ የሚበላው እንኳ በልመና የሚገኝበት ጊዜ ነው። ያም ሆኖ «እህል ይበቃቸዋል» ብለው አልተዉአቸውም።

የ1916 ዓ.ም. ጉዞ

ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ብዙ መኳንንት አስከትለው አውሮፓን ለመጎብኘት ተነሡ። በመንገዳቸውም ግብፅንና ኢየሩሳሌምን ጎበኙ። በኢየሩሳሌም የአርመኖቹን ገዳም በጎበኙ ጊዜ የእጓለ ማውታዎቹ የማርሽ ቡድን በሙዚቃ ተቀበላቸው። ራስ ተፈሪ በልጆቹ ችሎታ ተደነቁ፣ ታሪካቸውንም ሲሰሙ አዘኑ። ወዲያው ከፓትርያርኩ ከዬጊሼ ቱርያን ጋር ተነጋግረው አርባ ልጆች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡና በመንግሥት ኃላፊነት እንዲያድጉ ተስማሙ።

ይህ ነገር በርኅራኄ ብቻ የተደረገ ነው ብለን አናስብም። አንድ መንግሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር እኩል ልቀመጥ ሲል የሚያስፈልጉት ነገሮች አሉ። መልእክተኛ ሲመጣ የክብር ማርሽ ያስፈልጋል፣ ንጉሥ ሲወጣና ሲገባ የሰልፍ ሙዚቃ ያስፈልጋል፣ አገርም የራሷ መዝሙር ያስፈልጋታል። ራስ ተፈሪ ይህን የተረዱ ሰው ነበሩ። ስለዚህ በአንድ በኩል ልጆቹ አሳዳጊ አገኙ፣ በሌላ በኩል አገሪቱ ሙያተኛ አገኘች። እኛ በዚህ ነውር አናይበትም። እንዲያውም በጎ አድራጎት የሚዘልቀው ሁለቱም ወገን የሚጠቀምበት ሲሆን ነው። ምጽዋት ብቻ የሆነ እንደሆነ ሰጪው የሰለቸው ዕለት ያበቃል።

ልጆቹ በጳጉሜ 1916 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. መስከረም 1924)፣ አዲስ ዓመት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው አዲስ አበባ ደረሱ። አብሯቸው የመጣው መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላል። እርሱም በኦቶማን ግዛት በአይንታብ ከተማ የተወለደ አርመን ሲሆን፣ እንደ ልጆቹ ሁሉ ከእልቂቱ የተረፈ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ መምህሩም ተማሪዎቹም አንድ ዓይነት ሐዘን የተሸከሙ ናቸው። ቋንቋው የማይታወቅ፣ ምግቡ ሌላ፣ አየሩም ሌላ ነው። የክረምቱ ጭቃ ገና አልደረቀም። አዲስ አበባም ያኔ በየጉብታው የተበታተነ የሣር ቤት የሚበዛባት ከተማ ነበረች። ያም ሆኖ በአደይ አበባ ወራት ነው የገቡት፣ ሰዉም በራሱ አጠራር «አርባ ልጆች» ብሎ ስም አወጣላቸው። ይህ ስም የአማርኛ ስም ሆኖ እስከ ዛሬ በአርመኖቹም ዘንድ ሲጠሩበት ይኖራል።

አርባ ሰው እንዴት አንድ ይሆናል

ኦርኬስትራ ያላየ ሰው ብዙ ጥሩምባ አንድ ላይ ሲነፋ ጩኸቱ የሚበዛ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ዜማውን የሚይዙ ቀጫጭን መሣሪያዎች አሉ፤ ትራምፔትና ክላርኔት የመሳሰሉት ናቸው። መካከሉን የሚሞላው አለ። ከታች ሆኖ እንደ መሠረት ድንጋይ የሚሸከመው ትልቁ ባስ አለ። ከበሮው ደግሞ እርምጃውን ይጠብቃል። ለእያንዳንዱ የተጻፈለት ወረቀት ይለያያል። ባስ የሚነፋው ልጅ ለብቻው ሲለማመድ የሰማው ሰው «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ዘፈን ነው?» ብሎ ይስቃል፣ ምክንያቱም «ቡም፣ ቡም» ከማለት በስተቀር ዜማ የለውም። ከሌሎቹ ጋር ሲገጥም ግን እርሱ ከሌለ ሁሉም ይንጋደዳል።

ሌላም ነገር አለ። በኦርኬስትራ ውስጥ ዝም ማለትም ሥራ ነው። ተራው እስኪደርስ ድረስ በልቡ እየቆጠረ የሚጠብቅ ልጅ እንደ ነፊው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ቆጠራው ከተዛባበትና ያለ ጊዜው ከገባ አርባውን ያሳስታል።

ይህን ስናወሳ እድራችን ትዝ ማለቱ አይቀርም። ድንኳን ተካይ አለ፣ ወንበር አመላላሽ አለ፣ ንፍሮ ቀቃይ አለ፣ ውሃ ቀጂ አለ፣ ሒሳብ ያዥ አለ። የሒሳብ ያዡ ሥራ ለብቻው ሲታይ ደረቅ ነው፤ በዕለተ ሐዘን ግን ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ቢገኝ ሁሉም ነገር ይቆማል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለው ለዚህ ነው።

የማናውቀው መዝሙር ባለቤት

ኬቮርክ ናልባንዲያን አዲስ አበባ ከገባ ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1926፣ «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የተባለውን መዝሙር ዜማ ደረሰ። መጀመሪያ ላይ «ማርሽ ተፈሪ» ይባል ነበር። ግጥሙን የጻፉት ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። ዮፍታሔ በጎጃም በደብረ ኤልያስ የተወለዱ፣ በቅኔ የበሰሉ ሊቅ ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ልጆችን ያስተምሩ፣ ተውኔትና መዝሙርም ይደርሱላቸው ነበር። ስለዚህ መዝሙሩ የተወለደው ከሁለት መምህራን ነው፤ አንዱ ከቅኔ ቤት የመጣ፣ አንዱ ከስደት የመጣ።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ፣ ከዓለም ዙሪያ የመጡ እንግዶች በተሰበሰቡበት ይኸው መዝሙር ተሰማ። ከዚያም እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ቆየ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በሌላ መዝሙር ተተካ፣ ያም መዝሙር በ1984 ዓ.ም. ገደማ ዛሬ በምንዘምረው ተተካ።

በእድሜ ስድሳውን ያለፍን አባላት ይህን መዝሙር በቃላችን እናውቀዋለን። በየማለዳው ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል፣ በብርድ እግራችን እየተንቀጠቀጠ፣ በመሥመር ቆመን ዘምረነዋል። ዜማውን የደረሰው ሰው ከእልቂት የተረፈ ስደተኛ መሆኑን ግን የነገረን አልነበረም። እናት የሌላቸውን ልጆች አሰልፎ የሚመራ ሰው «ደስ ይበልሽ» ለሚል ግጥም ዜማ ሲያወጣ በልቡ ምን ይመላለስ ነበር? ይህን እርሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ሥራው ግን ለሌላ እናት፣ ለተቀበለችው አገር፣ የደስታ ድምፅ ሆኖ ከአርባ ዓመት በላይ አገልግሏል።

ከአርባዎቹ በኋላ የመጣው

አርባ ልጆች ሁልጊዜ ልጆች ሆነው አልቀሩም። አደጉ፤ ከፊሎቹ ወደ ሌላ አገር ሄዱ፣ ከፊሎቹ እዚሁ ቀርተው በልዩ ልዩ ሙያ ተሰማሩ፣ ትዳርም ይዘው ወልደው ከበዱ። ማኅበራቸውም ጠንክሮ በ1920ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ትምህርት ቤትም አቋቋሙ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ግን አብዛኞቹ የአርመን ቤተሰቦች ከአገር ስለወጡ ቁጥራቸው በጣም ተመናምኗል።

ሙያው ግን ከእነርሱ ጋር አልሄደም። ኬቮርክ ናልባንዲያን እዚሁ ኖሮ ብዙ ሰው አስተማረ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የማዘጋጃ ቤቱንና የሌሎችንም ቡድኖች ሙዚቀኞች አሠለጠነ። በኅዳር 1948 ዓ.ም. የንጉሡ የዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር የተመረቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር፣ ማለት የዛሬው ብሔራዊ ቴያትር፣ የኦርኬስትራው መሪ ሆኖ አገልግሏል። የነርሲስ ትልቁ ሥራ የእኛን ቅኝቶች ወስዶ፣ ጠባያቸው ሳይጠፋ፣ ለትልቅ ኦርኬስትራ እንዲስማሙ አድርጎ መጻፉ ነው። ትዝታና ባቲ በሳክስፎንና በትሮምቦን ሲጫወቱ ሰምተን «የእኛው ነው» የምንለው በእርሱና በመሰሎቹ ድካም ነው።

ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊትና ፖሊስ ሠራዊት እያንዳንዳቸው የሙዚቃ ክፍል አቋቋሙ። በነዚህ ክፍሎች ብዙ ለጋ ወጣት ገብቶ ኖታ ተማረ፣ ደመወዝ አገኘ፣ ቤተሰብ ረዳ። ጥላሁን ገሠሠም ሆነ ማሕሙድ አሕመድ ስማቸው የገነነው በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነው። በኋላም የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተቋቁሞ ሙያው በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚሰጥ ሆነ። እንግዲህ ከአርባ ልጆች ጥሩምባ እስከ ያሬድ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ አንድ ሰንሰለት ነው። አንዱ ቀለበት ቢጎድል ኖሮ ሌላው አይያያዝም ነበር።

የእኛው ሰፈር ልጆች

ከአብዮቱ በኋላ በየቀበሌው የኪነት ቡድን እንደተቋቋመ የምናስታውስ ብዙዎች ነን። ከበሮ፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ አኮርዲዮን የተገኘበት ቀበሌ ደግሞ አኮርዲዮን ይዘው ልጆቹ በቀበሌው አዳራሽ ይለማመዱ ነበር። ያ ዘመን ለወጣት ክፉ ዘመን ነበር። ስንቱ ልጅ በቀይ ሽብር እንደወጣ ቀረ፣ ስንቱ ወደ ጦር ሜዳ ሄደ። ኪነቱም ቢሆን የጊዜውን ፖለቲካ እንዲያወድስ የሚታዘዝ ነበር። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ከዚያ አዳራሽ የወጣ ልጅ ድምፁን፣ እጁን፣ ከሌላው ጋር መስማማትን ተምሮ ወጣ። አዛዡ ሄደ፣ መፈክሩም ተረሳ፤ ሙያው ቀረ። አርባ ልጆችንም የጠሩአቸው መንግሥታዊ ፍላጎትና ሥነ ሥርዓት ነበሩ፤ ዘውዱ አለፈ፣ ሙያው ቀረ።

ከዚህ የምንይዘው ነገር ምንድን ነው? ለልጅ የሚሰጥ ሙያ ከሰጪው ዓላማ በላይ ይኖራል።

ወደ ራሳችን ጉዳይ

አሁን በመጀመሪያ ያዘገየነውን እንናገር። የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ስለ ቀብር ገንዘብ፣ ስለ ድንኳን፣ ስለ ወንበር፣ ስለ ድስትና ብርጭቆ፣ በቀብር ላይ ስለሚቀር ሰው ቅጣት በሰፊው ይዘረዝራል። ስለሚቀረው ልጅ ግን አንድ አንቀጽ የለውም። አባት ይሞታል፤ እንቀብራለን፤ በሦስተኛው ቀን ሰልስት ይወጣል፤ ድንኳኑ ይነቀላል፤ ዕቃው ተቆጥሮ ወደ መጋዘን ይመለሳል። ልጁ ግን አይቆጠርም። እኛ ሥራችንን ጨረስን ብለን በምንበተንበት ቀን የእርሱ ችግር ገና ይጀምራል።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ያ ክፉ በሽታ፣ ኤድስ፣ ወላጆችን በጨረሰ ጊዜ በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች ይህን ተረድተው ደንባቸውን አሻሽለው ነበር። ለሙት ልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ገዙ፣ አሳዳጊ ፈለጉ፣ አያቶችን ረዱ። «እድር የሞተን ብቻ ሳይሆን ያለንም ይርዳ» የሚለው አባባል የተለመደው ያኔ ነው። ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ አዲስ ፈጠራ አይደለም።

አንዳንድ አባላት «እድር ለቀብር ነው የተቋቋመው። የከፈንና የሣጥን ዋጋ በየጊዜው እየናረ፣ መዋጮውም እየከበደ፣ ሌላ ሸክም ከየት አምጥተን?» ይላሉ። ይህ ተራ ክርክር አይደለም፤ በጡረታ ለምንኖር ሰዎች የሃያ ብር ጭማሪም ትሰማለች። ቢሆንም መልስ አለን። ገንዘቡ ከቀብሩ ሣጥን ይውጣ አላልንም። ሁለተኛም፣ የሙት ልጅ ጉዳይ ከሁሉ በፊት የገንዘብ ጉዳይ አይደለም። የኢየሩሳሌሙ ገዳም ሀብታም አልነበረም። የነበረው መምህር፣ መኝታ፣ የተወሰነ ሰዓትና ልጁን በስሙ የሚጠራ ሰው ነበር። በእኛም እድር ውስጥ ልብስ ሰፊ አለ፣ አናጢ አለ፣ መካኒክ አለ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ የቤተ ክርስቲያን መሪጌታ አለ፣ መንዙማ አዋቂም አለ። ክራርና ከበሮ የሚችልም አይጠፋም። እያንዳንዱ በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢሰጥ ገንዘብ ሳይወጣ ትምህርት ቤት ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ የሚከተለው ሐሳብ እንዲቀርብ እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ በእድሩ መዝገብ ላይ የአባሉ ልጆች በቁጥር ሳይሆን በስም ይጻፉ። አሁን ያለው መዝገብ «ልጆች 3»፣ «ልጆች 5» ብሎ ያልፋል። ዕድሜያችንን በመዝገብ ሥራ ስላሳለፍን የምናውቀው ነገር አለ፤ በስሙ ያልተጻፈ ነገር ሲጠፋ የሚፈልገው የለም። አርባ ልጆችም ቢሆኑ በሕዝቡ ዘንድ የታወቁት በቁጥራቸው ነው፤ እያንዳንዳቸው ግን እናታቸው ያወጣችላቸው ስም ነበራቸው።

ሁለተኛ፣ አባል ሲሞት፣ ድንኳኑ ከመነቀሉ በፊት፣ ሦስት ሰዎች ተመርጠው የልጆቹን ነገር ከቤተ ዘመዱ ጋር ይነጋገሩ። ማን ያሳድጋል? ትምህርቱስ? ቤቱስ? የሚለው በጽሑፍ ይያዝ። ከዚያም በየመንፈቁ ሄደው ይጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ፈቃደኛ የሆነ አባል ብቻ የሚያዋጣበት የልጆች ሣጥን ለብቻው ይከፈት። መጠኑን ጉባኤው ይወስን።

አራተኛ፣ ዕድሜው የደረሰ ልጅ ከትምህርቱ ጎን አንድ ሙያ ከአባላት ዘንድ ይማር። መጀመር ብቻ ሳይሆን መጨረሱንም እንከታተል። አርባ ልጆች የመጡት ገና ዜማ ለመጀመር አይደለም፤ በኢየሩሳሌም በሚገባ ተምረው ስለነበር ነው አገር የፈለጋቸው። በግማሽ የቀረ ሙያ ለልጁ ሌላ ሐዘን ነው።

እዚህ ላይ የምናስጠነቅቀው አንድ ነገር አለ። የሙት ልጅ እየተባለ በሰው ፊት እንዲጠራ፣ ለርዳታ ፎቶግራፍ እንዲነሣ፣ በበዓል ቀን እንዲሰለፍ አናድርግ። አርባ ልጆች በአዲስ አበባ አደባባይ የቆሙት ለልመና አልነበረም፤ መሣሪያቸውን ይዘው፣ ልብሳቸውን አስተካክለው፣ በሙያቸው ነው። ያያቸውም ሰው «ምስኪኖች» ብሎ ሳይሆን «ጎበዞች» ብሎ አለፈ። ለልጅ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ይኸው ነው።

ውሳኔው የጉባኤው ነው። እኛ ታሪኩን አቅርበናል። አባላት በየቤታቸው ተነጋግረውበት እንዲመጡ በትሕትና እናሳስባለን።

ያለፉትን ነፍሳቸውን ይማር፤ ያሉትን ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ የሚቀሩትን ልጆች ለእኛ አደራ ያድርግልን። አሜን።